በምን እንበርታ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የተማሪዎች የሮቦቲክስ ውድድር ላይ በፈቃደኝነት ዳኛ ሆኜ ነበር። ከምሳ በኋላ ድካሙ ሲጫነኝ በየቡድኑ የምዘና ቅጽ ግርጌ አስተያየት በሚለው ቦታ አንዲት ቃል ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፤ «በርቱ!»። ማታ ወንበር ሲሰበሰብ አንዲት 12 ዓመት የሚሆናት ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ በርቱ ብለውናል። በምን እንበርታ?»

መልስ አልነበረኝም። የትኛው ሮቦት የእነሱ እንደነበረ ራሱ ጠፍቶብኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ያንን ዕዳ ልከፍል ነው፤ ብቻዬን ስለማልችለው ደግሞ እናንተንም ልጠራ ነው።

እስቲ በውድድሩ ቀን ልጆቹ ለሮቦቱና ለዳኞች የሚያውሉትን ሰዓት እንቁጠረው። ዲን ካመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው ፈርስት የተባለ ድርጅት በሚያካሂደው የሌጎ ሊግ ውድድር የሮቦቱ ጨዋታ 2 ደቂቃ ተኩል ነው። ሦስቱ ዙር ተደምሮ 8 ደቂቃ አይሞላም። ዳኞች ክፍል ውስጥ ግን ቡድኑ 30 ደቂቃ ይቀመጣል። ወላጅ የሚያጨበጭበው ለ2 ደቂቃ ተኩሏ ነው (እኔም አጨበጭባለሁ፣ ደስ ይላል)። ኮዱን ማን እንደጻፈ፣ የሮቦቱ ክንድ ለምን ሦስት ጊዜ ፈርሶ እንደተሠራ፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንዳደረጉ የሚጠየቁት ያ ክፍል ውስጥ ነው። የምዘና ቅጹ አራት ደረጃ አለው። የመጨረሻውን፣ ከተጠበቀው በላይ የሚለውን የሚሰጥ ዳኛ በምን እንደበለጡ መጻፍ አለበት። ከግርጌው ሁለት ባዶ ቦታ ተትቷል፤ አንዱ ጥሩ ለሠሩት፣ ሌላው ሊያስቡበት ለሚገባው። እኔ «በርቱ» ብዬ የዘጋሁት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።

ዳኞች፣ «ዲዛይኑ ቢሻሻል» የሚልም ያው ባዶ ወረቀት ነው። «ሮቦታችሁ ግድግዳ ተደግፎ ሲነሣ ሦስቴም ተሳካለት፤ በዓይን ግምት ስታስቀምጡት ሁለቴ ሳተ። መነሻው ላይ ልኩን የሚይዝ መደገፊያ ሥሩለት» ብላችሁ ጻፉ። «በሰከንድ ስታዙት ባትሪው ሲደክም የሚሄደው ርቀት ያጥራል፤ በጎማ ዙር እዘዙት» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ የተጻፈላቸው ልጆች ሰኞ ከትምህርት መልስ የት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ እሳቸውም ቤት የሰበረውን ያቀናሉ፣ ምሥጢሩ የላላውን ያጠብቃሉ። «በርታ» ብለው ብቻ የሚሸኙ መምህር ዘንድ ማን አገር አቋርጦ ይሄዳል?

አሠልጣኞች፣ እናንተም አላችሁበት። ዳኛው የጻፈበት ወረቀት የት እንደሚያድር አውቃለሁ፤ የሌጎው ሳጥን ግርጌ፣ ከተበጠሰ ኬብልና ከብስኩት መጠቅለያ ጋር። ዋንጫ ያመለጠው ቡድን ይናደዳል፣ ዳኛው አዳልቷል ይባላል፣ ወረቀቱ ሳይነበብ ይታጠፋል። ዳኛ ይሳሳታል፣ አልክድም። ግን እሱ ያልገባው ነገር ካለ ልጆቹ ያላስረዱት ነገር ሊኖር ይችላል፤ እሱም ትምህርት ነው። ንዴቱ እስኪበርድ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ፤ ከዚያ አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብበው። ከተጻፈው አንዱን ብቻ ይምረጡ፣ አሥር ጊዜ ይሞክሩት፣ ስንቱ እንደተሳካ ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው እንዲህ ተባልን፣ እንዲህ አደረግን» ብሎ ወደ ዳኞች የሚገባ ቡድን ወሬው ሁሉ ሌላ ነው።

አዘጋጆች፣ በሁለት ቡድን መካከል ለዳኞች የመጻፊያ 10 ደቂቃ ስጡ። ሰዓት የለም ካላችሁ ከክብር እንግዳው ንግግር ላይ ቀንሱ፤ ማንም አይቀየምም። ቅጹም በዚያው ቀን ለልጆቹ እጅ ይድረስ።

መሐንዲሶች፣ ፕሮግራመሮች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የዳኛ እጥረት የሚኖረው እናንተ ቤት ስለምትውሉ ነው። አንድ ቅዳሜ ስጡ። የምትጽፉት እንዳይጠፋባችሁ ልጆቹ ሲናገሩ ማስታወሻ ያዙ። በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል እንዲህ ያለ ውድድር ላይ የዳኛችሁ ወገኖቻችን፣ ለክረምት ስትመጡ ልምዳችሁን ሻንጣ ውስጥ አትርሱት፤ እዚህ ያሉትን ዳኞች አንድ ከሰዓት ብታሠለጥኑ ትልቅ ነገር ነው።

ልጆች፣ የመጨረሻው ቃል ለእናንተ ነው። ውጤት ተነግሮ ሁሉም ሲተቃቀፍ ቅጻችሁን ጠይቁ። ሳትቀበሉ አውቶቡስ አትሳፈሩ። «በርቱ» ብቻ ተጽፎበት ካገኛችሁ ደግሞ ተመለሱና ዳኛውን በትሕትና በምን እንደምትበረቱ ጠይቁት።