ስልክ ለገጠሩ ሕዝብ ቅንጦት አይደለም

ስለ ገጠር ልማት በሚደረግ ውይይት ሁሉ ስልክ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። በቅድሚያ መንገድ፣ ውኃ፣ ማዳበሪያና ክሊኒክ ይቆጠሩና ገንዘብ ከተረፈ ስልክም ይታሰብ ይሆናል። አነጋገሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ በሕንድና በባንግላዴሽ ገጠሮች የታየው ውጤት ይህን ቅደም ተከተል እንደገና እንድንመረምር የሚያስገድድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት የባሕር ዳርቻ፣ ሰርዲን በተባለው ዓሣ የሚተዳደሩ መንደሮች ብዙ ናቸው። አጥማጁ ጀልባውን ሞልቶ የሚመለሰው ወደ ለመደው ዳርቻ ነው። የሌላው ዳርቻ ገበያ እንዴት እንደዋለ የሚያውቅበት ዘዴ አልነበረውም። ገበያው የሚቆመው ለጥቂት የጧት ሰዓታት ሲሆን፣ ነዳጅ ውድ ነው፤ ዓሣ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ጃንዋሪ 14 ቀን 1997 ባዳጋራ በተባለችው ስፍራ 11 አጥማጆች ገዢ አጥተው ዓሣቸውን ሲደፉ፣ 15 ኪሎ ሜትር በማይርቁ ሌሎች ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። ቲማቲም ይዞ ገበያ የወጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የሞባይል ስልክ በዚያ ዳርቻ ደረጃ በደረጃ ተዘረጋ። የማማዎቹ ሞገድ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚሰማ አጥማጆቹ ገና ጀልባቸው ላይ ሳሉ ለየገበያው እየደወሉ ይጠይቁ ጀመር። ሮበርት ጄንሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ ቀደም ሲል ከተጠመደው ዓሣ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ይባክን የነበረ ሲሆን ከስልኩ በኋላ ብክነቱ ከሞላ ጎደል ቆመ። የአጥማጁ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ሲያድግ፣ በላተኛው የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሻጭና ሸማች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት የልማት ሥራ በየቀኑ አይገኝም።

ወጪውን በተመለከተ ሕንድ ራሷ ያደረገችው ጥረት ሊጠቀስ ይገባዋል። ከውጭ አገር ይገቡ የነበሩት የስልክ ማዞሪያዎች ለትልልቅ ከተሞች የተሠሩና ቀዝቃዛ ክፍል የሚሹ ነበሩ። በ1984 የቴሌማቲክስ ልማት ማዕከል ሲቋቋም፣ በኦዲሻ ትንሽ ከተማ ተወልደው አሜሪካ የሠሩት ሳም ፒትሮዳ ዋነኛው መሪ ሆኑ። ማዕከሉ ያወጣው 128 መስመር ያለው የገጠር ማዞሪያ ሙቀቱንና አቧራውን ችሎ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ነበር። የመጀመሪያው በ1986 በካርናታካ ግዛት ኪቱር ውስጥ ተተከለ። ለገጠር የሚሆን መሣሪያ ለገጠር ተብሎ መሠራት እንዳለበት ማሳያው ይህ ነው፤ ከከተማ የተረፈውን መላክ አይበቃም።

የባንግላዴሹ መንገድ ከዚህ ይለያል። ግራሚን ፎን በ1997 ሥራ ሲጀምር ኢቅባል ቃዲር ያፈለቁት ሐሳብ ከመሐመድ ዩኑስ የግራሚን ባንክ ብድር ጋር ተጣመረ። ድርጅቱ የራሱን ረጅም መስመር ከመዘርጋት ይልቅ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ የተዘረጋውን የኦፕቲክ ፋይበር ኬብል ተከራየ። በየመንደሩ ደግሞ አንዲት ሴት ከባንኩ ተበድራ ስልክ ትገዛና ጎረቤቱን በደቂቃ እያስከፈለች ታስደውላለች። «የስልክ ወይዘሮዎች» ተባሉ፤ ቁጥራቸውም ከ200,000 በላይ ደርሶ ነበር። ባህረ ሰላጤው አገሮች የሄደ ልጅ ገንዘብ መላኩን ለማወቅ ወይም የሩዝ ዋጋ ለመጠየቅ ከተማ ድረስ መጓዝ ቀረ። አንድ ጥናት እንዳመለከተው የዚያ ጉዞ ወጪ ከአንድ የስልክ ጥሪ ከ2 እስከ 8 እጥፍ ይበልጥ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ስልክ ዋጋ ይነግራል እንጂ ዕዳ አይከፍልም። ለዘር ወይም ለመረብ ከነጋዴ የተበደረ ሰው የሌላው ገበያ ዋጋ መሻሉን ቢሰማም ምርቱን የሚያስረክበው ለአበዳሪው ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ስልኩና ብድሩ አብረው መታሰብ አለባቸው። ግራሚን ባንክ ብድሩን የሰጠው ለስልኩ መግዣ ነው፤ የሩዝ ገበሬውን ከአራጣ ማላቀቅ ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

ሌላው የሚያሳስበኝ የሴቶቹ ነገር ነው። የእጅ ስልክ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እየረከሰ ሲሄድ የስልክ ወይዘሮዎቹ ገቢ አሽቆለቆለ፤ ሥራውም ቀስ በቀስ ቀረ። ስልክ በየቤቱ መግባቱን ማን ይጠላል? ግን የመንደሩ ስልክ በሴት ቤት በነበረ ጊዜ ጎረቤቷ ሳታፍር ገብታ ትደውል ነበር። አሁን በብዙ ቤት ስልኩ ያለው በባልየው ኪስ ነው። በደቡብ እስያ የራሳቸው ስልክ የሌላቸው ሴቶች ዛሬም ከወንዶቹ ይበልጣሉ። የመስመር ብዛት ብቻ የሚዘረዝሩ የልማት ሪፖርቶች ይህን አያሳዩም። ችግኙን የምታጠጣውና ዶሮዋን የምታረባው ሴት የገበያውን ዋጋ የምትሰማው ባሏ ማታ ሲመለስ ነው፤ ያውም ከነገራት።