ያልተከፈተ ፋይል ሁሉ የሞተ ፋይል አይደለም

«ዲስኩ ሞልቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በትምህርት ክፍሎቻችንና በቤተ ሙከራዎቻችን እንግዳ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ጥቂት ፕሮግራም የሚያውቅ ተማሪ ይጠራና አንዲት አጭር ስክሪፕት ይጽፋል፤ «ባለፈው አንድ ዓመት ያልተከፈተውን ፋይል ሁሉ ሰርዝ» የምትል። ሥራው በደቂቃዎች ይጠናቀቃል፤ ዲስኩም ይተነፍሳል። ይህ ጸሐፊ ግን ትእዛዟ አጭር ብትሆንም በውስጧ ያለው ፍርድ ከባድ ነው ብሎ ያምናል። ፋይሉ የተከፈተበት ቀን የሚነግረን የእኛን ልማድ እንጂ የፋይሉን ዋጋ አይደለምና።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ገደላማ ስፍራ ላይ ኦቾሎ ትገኛለች። በዚያ በዓለቱ ስንጥቅ ሽኮኮ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብም ትራባለች። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ሰው ሲተላለፍ ቁንጭርን ያስከትላል፤ በልጆች ፊት ላይም የዕድሜ ልክ ጠባሳ ይተዋል። አሽፎርድና ባልደረቦቹ ኦቾሎን ጨምሮ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሌላ ቡድን የኦቾሎን የበሽታ ስርጭት እንደገና መቃኘቱን በርእሱ ጭምር የሚገልጽ ጥናት በዚያው መጽሔት ላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየሙ የአንትወርፕ የትሮፒካል ሕክምና ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ጋር ወደዚያችው መንደር ተመለሱ።

እንግዲህ እናስብ። «እንደገና መቃኘት» የሚቻለው የቀደመው ቅኝት ሲኖር ብቻ ነው። የታተመው ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ከጽሑፉ በስተጀርባ ያለው የቤት ለቤት መዝገብ፣ የየወሩ የዝንብ ቆጠራ፣ የናሙናው ዝርዝር ግን ጠባቂ የለውም። ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ይያዛል። የአንድ ዓመት ደንብ ቢሠራበት ኖሮ በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው 19 ዓመት መዝገቡን ደጋግሞ ባጠፋው ነበር።

ሁለተኛው ችግር ቀኑ ራሱ የማይታመን መሆኑ ነው። ኮምፒዩተር ስለ እያንዳንዱ ፋይል ይዘቱ የተለወጠበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበበትን ቀን ለየብቻ ይመዘግባል። ነገር ግን ንባብን ሁሉ መመዝገብ ዲስኩን በሥራ ስለሚያደክመው አምራቾች ገደብ አበጁለት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የንባብ ቀን መመዝገብን አስቀድሞ ዘግቶት ነበር የመጣው። ሊኑክስ ከ2009 ወዲህ ያልተለወጠ ፋይል ሲነበብ ቀኑን የሚያድሰው በተለምዶ 24 ሰዓት ካለፈ ብቻ ነው፤ ምዝገባውን ጨርሶ የሚዘጉ የሰርቨር አስተዳዳሪዎችም አሉ። በእንዲህ ያለው ማሽን በየዕለቱ የሚነበብ ፋይል ለዓመታት ያልተነካ መስሎ ሊታይ ይችላል። በአንጻሩ የቫይረስ መከላከያ ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም ፋይሎችን ሲያነብ ማንም የማይፈልገው ቆሻሻ ትናንት የተከፈተ ሊመስል ይችላል። ሚዛኑ በሁለቱም ወገን ያዘነብላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የስክሪፕቱ ኃይል ነው። «ፋይንድ» በተባለው የዩኒክስ ትእዛዝ ውስጥ «ዲሊት» የሚለው ቃል ከቀን መስፈርቱ ቀድሞ ከተጻፈ መስፈርቱ ሳይታይ ሁሉም ይሰረዛል። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የቆዩ የክንውን መዝገቦችን እንዲያጸዳ የተጻፈ ስክሪፕት በሥራ ላይ ሳለ በአዲስ ቅጂ ተተካ፤ የመንገድ ስም የያዙት ተለዋዋጮችም ባዶ ሆኑ። በዚህ የተነሣ 77 ቴራባይት ያህል መረጃ፣ ወደ 34 ሚሊዮን የሚጠጉ ፋይሎች ጠፉ። የ14 የምርምር ቡድኖች ሥራ ተነካ። እዚያ የተሳሳቱት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ነበሩ።

«ታዲያ ዲስኩ ሲሞላ ምን ይደረግ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሁሉን ማከማቸት መጠበቅ አይደለም። የበሽተኞችን ስምና ምስል የያዘ ፋይል፣ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ፣ ትናንት የተከፈተ ቢሆንም እንኳ መጥፋት ይኖርበታል። ይህም ራሱ ውሳኔው በይዘቱ እንጂ በተከፈተበት ቀን መመሥረት እንደሌለበት ያሳያል።

በጋሞ ባህል ከባድ ጉዳይ በዱቡሻ፣ ማለትም በአደባባይ ሸንጎ፣ ይሰማል እንጂ በአንድ ሰው ቃል አይቆረጥም። ለፋይሎቻችንም ይኸው ሥርዐት ይገባቸዋል። ስክሪፕቱ በመጀመሪያ ዝርዝር ብቻ ያውጣ፤ አይሰርዝ። ዝርዝሩ ለባለቤቶቹ ይድረስ። የተጠረጠሩት ፋይሎች ወደ ማቆያ ፎልደር ተዛውረው ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ይቆዩ። የማይተካው የመስክ መረጃ ከየት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ ከሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ጋር በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። በፕሮግራም እንደገና ሊሠራ የሚችለው ውጤት ግን ያለ ጸጸት ይሰረዝ።

ውድ ተማሪዎች፣ ስክሪፕት መጻፍን በርትታችሁ ተማሩ። ስክሪፕቱ ግን እጩ ያቅርብ እንጂ አይፍረድ። በኦቾሎ ጠባሳ ይዘው የሚያድጉ ልጆች ጉዳይ ከ20 ዓመት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ይጠይቅበታል፤ ያኔ የእናንተን መዝገብ ፈልጎ ማግኘት አለበት።