ዕዳው የተሰረዘለት ፍቅር

ለወጣቶች የሚጻፍ የፍቅር ልብ ወለድ ከሁለት ወገን በደል ይደርስበታል። አንደኛው ወገን አንብቦ ሳይጨርስ «የልጃገረዶች ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሌላው ብዙ ስለ ተሸጠ ብቻ ያሞግሰዋል። ሁለቱም ሥራውን አልመዘኑትም። ብዙ ወጣት የምርጫን ክብደት መጀመሪያ የሚያሰላስለው እንዲህ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ ከማናቸውም ድርሰት ባላነሰ ሚዛን ላይ መቀመጥ ይገባዋል።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ስቴፈኒ ሜየር የጻፉት «ትዋይላይት» የተሰኘው ተከታታይ ልብ ወለድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2005፣ የታሪኩ መደምደሚያ የሆነው አራተኛው «ብሬኪንግ ዶውን» (ጎህ ሲቀድ እንደ ማለት ነው) በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። መደምደሚያው በወጣበት ዕለት በአሜሪካ ብቻ 1.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል።

ታሪኩ የሚጀምረው ቤላ የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ ኤድዋርድ የተባለውን ቫምፓየር፣ ማለትም የማይሞት ደም መጣጭ፣ ስታፈቅር ነው። እርሷም እንደ እርሱ ለመሆን ትመኛለች። ደራሲዋ በፊተኞቹ ሦስት መጻሕፍት የዚህን ምኞት ዋጋ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ቤላ ከወላጆቿ ትለያለች፤ ልጅ አትወልድም፤ በደም ጥማት ትናወጣለች፤ የሚወዳትን ጄኮብን ልቡን ሰብራ ትተወዋለች። በሦስተኛው መጽሐፍ ሮዛሊ የተባለችው ቫምፓየር ወልዳ መሳም፣ ኖራ ማርጀት ባለመቻሏ የሚያንገበግባትን ቁጭት ለቤላ ስትገልጽላት፣ ደራሲዋ አንባቢያቸውን እንዳከበሩ እንረዳለን።

በመጨረሻው መጽሐፍ ግን ዕዳው ሁሉ ይሰረዛል። ቤላ ገና ሰው ሳለች ፀንሳ ትወልዳለች። አባቷ አይለያትም። ጥማቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትገዛዋለች። የጄኮብ ነፍስ ደግሞ ገና በተወለደችው ሕፃን ላይ ትታሰርና ኀዘኑ በቅጽበት ይጠፋል። የአንዲትን ጨቅላ የነገ ሕይወት ለአንድ ጎረምሳ የልብ ስብራት ካሣ አድርጎ ማቅረብ ከድርሰት ስንፍና የከፋ ነገር ነው። ለፍርድ የመጡት የቫምፓየር ገዢዎችም አይሪና የተባለችውን ብቻ ገድለው፣ በበረዶ ሜዳ ላይ ተከራክረው ይመለሳሉ። በ2012 የወጣው ፊልም በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ታላቅ ውጊያ ጨምሮ፣ ወዲያው «ራእይ ነበር» ብሎ መሻሩ የመጽሐፉን ጉድለት በግልጽ ያሳያል።

«ቤላ በእርግዝናዋ አጥንቷ ተሰብሯል፣ ሞት አፋፍ ደርሳለች፤ ይህ ዋጋ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ሥቃይና ዋጋ ግን ይለያያሉ። ሥቃይ ያልፋል፤ ዋጋ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ቤላ ከሥቃይዋ የተነሣችው ከቀድሞው ይልቅ ውብና ብርቱ ሆና፣ አንዳች ሳይጎድልባት ነው።

ፍጻሜው ደስታ መሆኑ ነውር የለበትም። ደራሲዋ በሁለተኛው መጽሐፍ የሚያነሡትን፣ እኛም በከበደ ሚካኤል ትርጉም የምናውቀውን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት» እንውሰድ። ተውኔቱ የሚነካን ወጣቶቹ ስለ ሞቱ ብቻ ሳይሆን፣ ምርጫቸው የሚያስከትለውን ነገር እስከ መጨረሻው ስለማይሸሽ ነው። ቤላም አባቷን አጥታ፣ ናፍቆቱን በልቧ ይዛ ደስተኛ ብትሆን ኖሮ፣ ደስታዋን ባመንናት ነበር።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአበው ቃል ለደራሲም ይሠራል። ሦስት መጻሕፍት ሙሉ «ይህን ትከፍያለሽ» የተባለች ገጸ ባሕርይ በአራተኛው ምንም ሳትከፍል ስትቀር፣ የሚታለለው አንባቢው ነው። ያ አንባቢ ነገ ትዳርን ከትምህርት፣ ፍቅርን ከቤተሰብ ሲያማርጥ ሁሉን በአንድ እጅ መጨበጥ እንደማይቻል ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ስለዚህ ለወጣት የምንጽፍ ሁሉ፣ በታሪካችን መጀመሪያ የቆጠርነውን ዕዳ በመጨረሻው ገጽ ለማስከፈል ድፍረቱ ይኑረን፤ መምህራንም እነዚህን መጻሕፍት ከተማሪዎቻቸው እጅ ከመንጠቅ ይልቅ «ይህች ልጅ ምን ከፈለች?» ብለው ይጠይቁ።