በሕዋስ ላይ የተራባ ቫይረስ በበሬው ላይስ?

በሐዲያና በከምባታ ገጠር ከብት ለእርሻ፣ ለወተትና ለገበያ ብቻ አይረባም፤ እበቱ ለእንሰቱ ምግብ ነው። ከብቱ ሲመነምን ጓሮውም አብሮ ይመነምናል። ስለዚህ በቆዳ ላይ ዕባጭ የሚያወጣውና በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ «ላምፒ ስኪን» የሚባለው የቫይረስ በሽታ ለሆሳዕና፣ ለሾኔም ሆነ ለዱራሜ አካባቢ አርቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሽታው በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ ነበር። የቅርብ ዘመዶቹ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች ናቸው፤ የዶዮገና በግ አርቢዎችንም የሚመለከተው በዚሁ ነው።

እነዚህን ቫይረሶች ለማዳከም ዛሬ የሚሞከረው ዘዴ የተመረጠ ጂን መንቀል ነው። በዘዴው ላይ ተቃውሞ የለኝም። የምከራከረው ውጤቱ በሚለካበት ሚዛን ላይ ነው። ጂን የተነቀለበት ቫይረስ በሕዋስ ላይ እንዴት እንደተራባ ለክቶ ስለ በሽታ አምጪነቱ መደምደም ለተመራማሪ ርካሽና ፈጣን መንገድ ነው፤ ነገር ግን የተለካው ነገር ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የበግ ፈንጣጣ ጥናት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ተመራማሪዎቹ ኬልች መሰል ከሆኑት የቫይረሱ ጂኖች አንዱን፣ 019 የተባለውን፣ ነቀሉ። ቫይረሱ በሕዋስ ላይ እንደ ወላጁ ተራባ። የመራባቱን ግራፍ ብቻ ያየ ሰው «ይህ ጂን ፋይዳ የለውም» ቢል አይፈረድበትም። በግልገሎች ላይ ሲፈተን ግን ጂን የጎደለውን ቫይረስ የተወጉት ሁሉ ተረፉ፤ ወላጁን የተወጉት ሞት ወደ መቶ በመቶ ተጠጋ። ጂኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ገዳይነቱም ተመለሰ። (ይህ የመጨረሻው ሙከራ ባይኖር ኖሮ ለውጡ የመጣው ከጂኑ መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር ባልተቻለ ነበር፤ በአነስተኛ በጀት በሚሠራ ምርምር ቀድሞ የሚሰረዘውም ይኸው ዓይነት ሙከራ ነው።)

ምክንያቱ ስውር አይደለም። የላምፒ ስኪን ቫይረስ 156 ያህል ጂኖች አሉት። በዘረመሉ መካከል የሚገኙት በአብዛኛው ለመራባት ያገለግላሉ፤ ወደ ሁለቱ ጫፎች ያሉት ብዙዎቹ ግን የአስተናጋጁን መከላከያ ለማምለጥ የተሠሩ ናቸው። በብልቃጥ ውስጥ የተነጠፈ ሕዋስ ትኩሳት አይይዘውም፣ የሊምፍ ዕጢ የለውም፣ ነጭ የደም ሕዋስ ለእርዳታ አይደርስለትም። የሚያመልጡት ጠላት በሌለበት የማምለጫ ጂን ሥራ ፈት ነው፤ ቢነቀልም ጉድለቱ አይታይም።

የተገላቢጦሹም አለ። ለፈንጣጣ ክትባት የተዘጋጀው «ኤምቪኤ» ከ570 ጊዜ በላይ በጫጩት ሽል ሕዋስ ላይ ሲሸጋገር ከዘረመሉ 15 በመቶ ያህሉን አጥቷል። በአብዛኞቹ የአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ውስጥ ተራብቶ መውጣት አይችልም፤ ሆኖም ጥሩ መከላከያ ያስገኛል። እንግዲህ መራባት፣ በሽታ አምጪነትና መከላከያ የማስገኘት ብቃት ሦስት ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው ዋስ ሊሆን አይችልም።

በእኛ አገር ይህ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የጌታቸው ጋሪና የባልደረቦቻቸው ጥናት በኢትዮጵያ የተመረቱ ሁለት የተዳከሙ ክትባቶች፣ ኒትሊንግና የኬንያው ኦ-180፣ ከብቶችን ከላምፒ ስኪን መጠበቅ እንዳልቻሉ አሳይቷል፤ ከዮርዳኖስ የመጣው የጎርጋን የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ግን የተከተቡትን ጥጆች ሁሉ ጠብቋል። በዚያው ዓመት የታተመው የኢሳያስ ገላዬና የባልደረቦቻቸው ሥራ ደግሞ ከተከተቡ ከብቶች የተወሰደው ቫይረስ ካልተከተቡት ጋር አንድ እንደሆነና ከክትባቱ ዝርያ እንደሚለይ አረጋገጠ። በሽታውን ያመጣው ክትባቱ አልነበረም፤ አላስጣለም እንጂ። ከብቱን አስከትቦ ዕባጭ የወጣበት ገበሬ ግን ይህን ልዩነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በሚቀጥለው ዘመቻ ከብቱን ቢደብቅ ልንወቅሰው አይገባም።

በእንስሳ ላይ የሚደረግ ፈተና ውድ ነው፣ ጥብቅ የሆነ ማግለያ ስፍራም ይጠይቃል የሚለው መከራከሪያ እውነት ነው። እያንዳንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሬ ይውጋ አልልም። ነገር ግን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው ክትባት አምራች የማያገኘው ነገር፣ የተከተበ መንጋ በየቀበሌው፣ ደጃፉ ላይ አለለት። የተከተቡትን መዝግቦ መከታተል፣ ዕባጭ ከወጣባቸው ናሙና ወስዶ የክትባቱን ቫይረስ ከሜዳው በፒሲአር መለየት በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅም የሚሠራ ነው። ጂን የተነቀለበት ክትባት ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ የጎደለው ጂን ራሱ መለያ ምልክት ይሆናልና። በሕዋስ ላይ የሚሠራውም ቢሆን ከባዕድ እንስሳ በተወሰደ የሕዋስ መስመር ብቻ ሳይወሰን ከአገራችን ከብት ቆዳና ደም በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ቢደገም ለበሬው አንድ እርምጃ ይቀርባል።

እስከዚያው ድረስ የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎች «ጂኑ ለበሽታ አምጪነት አስፈላጊ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማቸው «በየትኛው አስተናጋጅ?» ብለው በኅዳጉ ላይ ቢጽፉ መልካም ነው።