ማሽኑ በሕግ ገባ፤ ባለሙያውስ?

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ የተተከሉ ብዙ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ያስመጡት ከውጭ ነው። ማሽኑን የሚተክለው ባለሙያም አብሮ ይመጣል። ለጥቂት ሳምንት ተብሎ በቢዝነስ ቪዛ ይገባል፤ ሥራው ይራዘማል፤ ቪዛው ያልፋል። ባለንብረቱ ዛሬ ነገ ሲል ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል።

ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ይደነግጋል። ፈቃዱ ለ3 ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012ም ባለሀብቱ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ የውጭ ባለሙያውን በተወሰነ ጊዜ እንዲተካ ያዛል።

ችግሩ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የሥራ ፈቃድ ለማውጣት የጸና ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቃል። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ባለሙያውን ግቢ ውስጥ መሸሸግ ይቀለዋል፤ ደላላም ገበያ ያገኛል። ባለሙያው የተያዘ ዕለት ማሽኑ ይቆማል፤ የባንኩ ወለድ ግን አይቆምም።

የሌላውን አገር ልምድ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሳዑዲ ዓረቢያ የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2018 ቅጣት ምራ፣ አሠሪ ለሌላቸው የ6 ወር የሥራ መፈለጊያ ቪዛ ሰጥታ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ሠራተኛውን ከጨለማ አውጥቶ መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ለሱሉልታ፣ ለሰበታና ለቡራዩ ፋብሪካዎችም እንዲህ ያለ በር ቢከፈት አገር አትጎዳም። ራሱን ያሳወቀ አሠሪ ቅጣቱን ይክፈል፤ የሥልጠና ዕቅዱን ያቅርብ፤ ባለሙያውም አጭር ጊዜያዊ ፈቃድ ያግኝ። «ይህ ሕግ መጣስን ያበረታታል» የሚል ይኖራል። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነና የደገመው አሠሪ ራሱ ከተቀጣ ግን ሥጋቱ ይቀንሳል።

እስከዚያው ነጋዴው የኤልሲውን ማብቂያ ቀን እንደሚቆጥር ሁሉ የባለሙያውንም ቪዛ ይቁጠር። ከመርፈዱ በፊት የሚታደስ ፈቃድ ከቆመ ማሽን ይረክሳል።