ገበሬው ቅድመ አያታችን በየትኛው መዝገብ ይገኛል?

ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቻችን የአራሽ ልጆች ወይም የአራሽ የልጅ ልጆች ነን። ነገር ግን «ቅድመ አያትህ ማን ነበር? የትኛውን ማሳ አረሰ?» የተባልን እንደ ሆነ ከአያታችን ስም አልፈን የምንመልስ ጥቂት ነን። የሚፈልጉም ቢኖሩ መንገዳቸው ላይ አንድ ደጃዝማች ያገኙ ዕለት ፍለጋውን ያቆማሉ።

መዝገብ ጨርሶ የለንም ማለት ግን ስሕተት ነው። በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የሰጪው፣ የተቀባዩና የምስክሮቹ ስም አለ፤ ያረሰው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም። የግብር ደረሰኝም ስሙን የሚያነሣው ሲከፍል ብቻ ነው። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ ግብር ሰብሳቢው በዓለም ስሙ ስለሚያውቁት አንዱ ሰው ሁለት ይመስላል።

እንግዲህ ገበሬው በስሙ የቆመበት ዋናው መዝገብ የሽማግሌ አፍ ነበር። በርስት አገር መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት መወለድን ቆጥሮ ነበርና፣ ትውልድ ማወቅ እንጀራ ነበር። ርስት በእናትም በኩል ስለሚወረስ ቆጠራው ሴቶችን አይዘልም፤ ከወረቀት የጠፋች ቅድመ አያት እዚያ ትገኛለች። ተሟጋች ለመሬት ሲል ሐረግ ያጣመመበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ስለዚህ የአንዱን ቤት ቃል ሰምቶ መመለስ አይበቃም፤ ባላጋራ የነበረውንም ቤት መጠየቅ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሙግት አከተመ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት የእኛው ታላላቆች ናቸውና በዚህ አንጸጸትም፤ የደቡቡ ጭሰኛ ምን ርስት ነበረው? ነገር ግን ቆጠራው እንጀራነቱ ሲቀር ልጆች መማሩን ተዉ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ከመቁጠር በቀር ሥራ አልቀረለትም። በአዋጁ ጊዜ የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ሰባን አልፏል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ዛሬ ለሚወለደው ሕፃን እንጂ ለሞተው ቅድመ አያት አይደርስለትም።

ስለዚህ ለክረምት አገር ቤት ስንገባ ደብተር ይዘን እንግባ። የሰውየውን ስም ብቻ ሳይሆን የማሳውን ስም፣ ወሰኑን፣ ደብሩን እንጠይቅ። የክርስትና ስሙን ተዝካሩን ያወጡት ያውቃሉ። ዓመተ ምሕረት ያልያዙትን እናት «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። ይልቅስ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ በሬ ይጠምድ ነበር ወይስ እረኛ ነበር? የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በግብር ምክንያት ሲነሣ በሕይወት ነበር ወይ? ብለን ብንጠይቅ ዕድሜው ራሱ ይወጣል። የጻፍነውን በሁለት ቅጂ እናድርገው፤ አንዱ እዚያው በተናጋሪው ቤት ይቅር፣ አንዱን ይዘን እንመለስ።