ዳር የቆመችው ልጅ

የምርቃት ሰሞን ስለሆነ ፎቶ በካንቫስ ልታሳትሙ ያሰባችሁ ወዳጆቼና ተማሪዎቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው ዓመት የክፍሌ ልጆች ብር አዋጥተው አብረን የተነሳነውን ፎቶ በካንቫስ አሳትመው ሰጡኝ። በጣም ደስ ብሎኝ ወዲያው ሳሎን ሰቀልኩት። በበዓል ከተማሪዎቼ አንዷ ልትጠይቀኝ መጣች። ፎቶው ፊት ቆማ ፈለገች፣ ፈለገችና "ቲቸር፣ እኔ የለሁም እንዴ?" አለችኝ። ነበረች። ግን መጨረሻ ረድፍ ዳር ላይ ስለቆመች ግማሽ ፊቷ ከጣውላው ጋር ወደ ጎን ታጥፏል። ራሷን ያገኘችው ግድግዳው ጋ ተጠግታ በጎን አይታ ነው። ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። እሷም እንደ ሌሎቹ አዋጥታለች።

ጥፋቱ የአታሚው ብቻ አይደለም። እኛም "ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?" ብለን ነው የምንሄደው። ስለ ጠርዙ የሚጠይቅ የለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የጣውላው ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ከኋላ በስቴፕለር ለመምታት 2 ሴንቲ ሜትር ከተያዘ፣ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በ40 በ60 ሸራ ላይ ሙሉ ፎቶ ታትሞ ሲወጠር ከፊት የሚታየው 30 በ50 ብቻ ነው። ዳር የቆመ ሰው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው። አንዱ ፎቶው ራሱ ዞሮ እንዲታጠፍ ማድረግ ነው። ለተራራና ለሰማይ ያምራል፤ ተራራ ቢታጠፍ አይቀየምም። ሁለተኛው የፎቶውን ዳር እንደ መስታወት ገልብጦ ጎኑ ላይ መድገም ነው። ሰው ዳር ካለ ግን ትከሻው ሁለት ይሆናል። ሦስተኛው ፎቶው ሙሉ ለሙሉ ፊት ላይ ቀርቶ ጠርዙ በጥቁር፣ በነጭ ወይም ከፎቶው በተወሰደ ቀለም እንዲታተም ማድረግ ነው። "ጎኑም ፎቶ ሲሆን ነው የሚያምረው" የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ለቡድን ፎቶ ግን የኔ አቋም አንድ ነው፦ ባለ ቀለም ጠርዝ።

ስትረከቡም ማዕዘኑን እዩ። ድሮ ደብተር በጋዜጣ ስንሸፍን እንደምናደርገው ተጣጥፎ ወደ ኋላ መግባት አለበት። መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ነጭ መስመር ከታየ አትቀበሉ። ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደሆነም ጠይቁ።

በአስተማሪነቴ ያየሁት ነገር አለ። ፎቶ ሲባል ዳር የሚቆሙት ብዙ ጊዜ ዝምተኞቹ ልጆች ናቸው። ቢቆረጡም "እኔስ?" አይሉም። እነሱን ማሰብ ያለብን እኛ ነን።

ደሞዜን ታውቁታላችሁ፣ ቢሆንም ፋይሉን ከልጆቹ ተቀብዬ በጥቁር ጠርዝ ድጋሚ አሳተምኩት። አሁን ሁሉም አሉ። ነይና እዪው፣ ቡናው ይጠብቅሻል።